ነቢዩ ሕዝቅኤል በግድግዳ ላይ ስላያቸው ሁለት ሥዕሎችና ስለ አዲስ ዓለም ማርያም

ነቢዩ ሕዝቅኤል የቤተ መቅደስን ግድግዳ በራእይ ሁለት ጊዜ አይቷል። ፊተኛውን በምዕራፍ 8፣ ኋለኛውን በምዕራፍ 41 ጽፎታል። በፊተኛው ራእይ በአደባባዩ ቅጥር ላይ ቀዳዳ አየ፤ ቅጥሩን እንዲነድል ታዘዘ፤ በነደለውም ጊዜ ደጅ አገኘ። በገባ ጊዜ በግድግዳው ዙሪያ በደረቱ የሚሳብ ተንቀሳቃሽና የረከሰ እንስሳ ሁሉ ተሥሎ ነበር። በፊቱም ከእስራኤል ሽማግሌዎች 70 ሰዎች፣ በመካከላቸውም የሳፋን ልጅ ያእዛንያ ቆመው እያንዳንዳቸው በእጃቸው ጥና ይዘው ያጥኑ ነበር። ኋለኛው ራእይ ግን በተማረኩ በ25ኛው ዓመት የታየው የአዲሱ ቤት ራእይ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ኪሩቤልና የዘንባባ ዛፍ ተራ በተራ ሆነው፣ ከመሬት ጀምረው ከደጁ በላይ እስኪደርሱ ድረስ ተቀርጸዋል። በአንዱ ወገን የሰው ፊት፣ በአንዱ ወገን የአንበሳ ፊት ወደ ዘንባባው ያያል። በሳንቃዎቹም ላይ እንዲሁ ኪሩቤል ነበሩ።

በሁለቱም ቦታ ግድግዳ አለ፤ በሁለቱም ቦታ ምስል አለ። አንዱ ግን ተነቀፈ፤ ሁለተኛው በመልአክ እጅ እየተለካ የቤቱ ጌጥ ሆነ። ልዩነቱ ከወዴት መጣ? ነገሩ ለመምህራን ጨዋታ ብቻ የቀረበ ጥያቄ አይደለም። በምዕራብ ሸዋ ከግንደ በረት ካቺሲ ጀምሮ እስከ አምቦና እስከ አዲስ ዓለም ድረስ ባለው አገር የገጠር ቤተ ክርስቲያን በታደሰ ቍጥር፣ አለቃውና ባለ ርስቱ፣ ሰበካውና ሠዓሊው ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ግድግዳውን ሊያስቀቡ አይችሉም።

ፊተኛው ምስል የተነቀፈው በሦስት ነገር ነው። ቅሉ በጨለማ የተሠራ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እያንዳንዳቸው በሥዕል ቤታቸው በስውር ያደርጉት ነበርና፣ እግዚአብሔር አያየንም ይሉ ነበርና። አንድም ፍጡሩ በፈጣሪው ስፍራ ገብቶ ዕጣን ተቀብሏል። አንድም ሕዝቡን ሊመሩ የተሾሙት ራሳቸው ባጣኞች ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሳፋን ቤት በኢዮስያስ ዘመን የሕጉ መጽሐፍ በተገኘ ጊዜ መጽሐፉን ለንጉሥ ያነበበ ቤት ነውና፣ ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ በግድግዳ ላይ ላለ እንሽላሊት ጥና ሲይዝ መታየቱ ያሳፍራል። ኋለኛው ምስል ደግሞ በብርሃን ነው፤ ከወለል እስከ ጉበን በግልጥ ይታያል፤ ኪሩቤሉ የሚጠብቁ እንጂ የሚመለኩ አይደሉም።

ይህንኑ የናሱ እባብ ያስረዳል። ሙሴ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 21 በእግዚአብሔር ትእዛዝ ሠራው፤ ያየውም ዳነ። ሕዝቅያስ ንጉሥ ደግሞ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 ሰባበረው፤ እስከዚያ ዘመን ድረስ እስራኤል ያጥኑለት ነበርና። የሠራውም የሰበረውም አልተነቀፉም። ሁለቱም ተመስግነዋል።

በጽርእ አገር ይኸው ነገር ክርክር ሆኖ እንደ ፈረንጅ ቍጥር ከ726 እስከ 843 ድረስ ነገሥታቱ ሥዕል ሲያስጠፉና ሲያስመልሱ ብዙ መነኮሳት ተሰደዱ። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሥዕልን የማጥፋት ዐዋጅ አልተነገረም። የአባ ገሪማ ወንጌል በሥዕል የተጌጠ ሆኖ እስካሁን አለ፤ ዘመኑም በብራናው ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መካከል መሆኑ ታውቋል። በላስታ በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. የነገሡት፣ ቤቱን እንዳሠሩ ተሥለው ይታያሉ። የሚያሠራው ሰው መልኩን በግድግዳ ላይ ማስቀመጡ እንግዲህ የትናንት ልማድ አይደለም።

ክርክሩ በኢትዮጵያ የተነሣው በሌላ መልክ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ሲነግሡ የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበርና እንዲሰገድለት አዘዙ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለሥላሴ ብቻ እንሰግዳለን ብለው እንቢ አሉ፤ ብዙ መከራም ተቀበሉ፤ ከነሱ የሞቱም አሉ። ሁለቱም ወገን ከመጽሐፍ ይጠቅሱ ነበር። ታሪኩን በቅንነት የሚያነብ ሰው የንጉሡን ፍቅረ ማርያም ያደንቃል፤ በመነኮሳቱ ላይ የደረሰው ግን ያሳዝነዋል። የሕዝቅያስን መዶሻ የያዘ ሁሉ ሕዝቅያስን አይሆንምና፣ ጥና የያዘም ሁሉ አሮንን አይሆንም። በዚያው ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ በሰሌዳ ላይ ያቀባት የእመቤታችን ሥዕል እስከ ዛሬ ተጠብቃ ትታያለች።

ከዚያ በኋላ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የፖርቱጋሉ ካህን አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በመጣ ጊዜ አግኝቶታል፤ በአገሩ 40 ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። ይህ ሰው ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ ስላደረገው ሕዝቡ እንደ ተቈጣ ይነገራል፤ ግራ እጅ የክብር ወገን አይደለምና። ንጉሡ ግን ሥዕሉ እንዳይጠፋ ጠበቁለት ይባላል። ከ100 ዓመት ያህል በኋላ ኢየሱሳውያን በሮም በታላቂቱ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችውን ሥዕል በኅትመት አምጥተው ሲያሳዩ፣ በዚያችም ሥዕል ሕፃኑ በግራ ክንድ ነበረ። ኢየሱሳውያኑ ከተባረሩ በኋላ እንኳ የጎንደር ሠዓልያን ይህን መልክ የራሳቸው አድርገው በየመቅደሱ ሣሉት። ዛሬ የገጠር ምእመን የጥንት ሥዕል ብሎ የሚሳለመው ብዙው ይህ መልክ ነው፤ በአያቶቹ አያቶች ዘንድ ግን የፈረንጅ አመል ተብሎ የተጠላ ነበረ። ዘመን አመጣሽ ሥዕል ሁሉ ይጥፋ የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ስለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነው በምዕራብ ሸዋ ያለው የአዲስ ዓለም ማርያም ታሪክ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ከቈረቈሩ በኋላ ሰዉ እየበዛ፣ ሠራዊቱ እየሰፋ ሄዶ በዙሪያው የነበረው ዱር ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ አለቀ። የቀደሙት ነገሥታት እንጨት ሲያልቅ ከተማ ይለውጡ ነበርና፣ እርሳቸውም በ1893 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዛሬ በአምቦ መንገድ ላይ በሚገኘው በኤጀሬ አገር፣ ከኮረብታ ላይ አዲስ ከተማ አስጀመሩ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ለመሄጃም ከአዲስ አበባ እስከዚያ ድረስ ጥርጊያ መንገድ ተሠራ። ቤተ መንግሥቱም መሠራት ጀመረ።

ነገር ግን ሁለት ነገር አሳቡን አስለወጠ። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችና ከመኳንንቱም ብዙዎቹ በአዲስ አበባ በድንጋይና በኖራ ቤት ሠርተው ነበርና ጥለው መሄድ አልወደዱም። ደግሞም ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገዶ እንደሚደርስ ታየ። ስለዚህ አዲስ አበባ መናገሻ ሆና ቀረች። ምኒልክም ለራሳቸው ያስጀመሩትን ቤት ለእመቤታችን ሰጡ፤ ደብረ ጽዮን ማርያም ተብላ በአክሱም ጽዮን አምሳል እንድትከበር አደረጉ። የባሕር ዛፍ ችግኝ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ ካህናት በሚቀድሱበት ቦታ ግብር ይበላ ነበር ማለት ነው፤ የእግዚአብሔር ሥራ አንዳንድ ጊዜ በእንጨት ዋጋ ይገባል።

በዚህ ላይ የ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 ይተረጐማል። ዳዊት በዝግባ ቤት ተቀምጦ ታቦቱ በመጋረጃ ውስጥ መኖሩ አሳዘነው፤ ቤት ልሥራልህ ባለ ጊዜም አልተፈቀደለትም፤ ልጁ ሠራው። በአዲስ ዓለም ግን የዝግባው ቤት ራሱ ለታቦት ተለቀቀ። ንጉሡ ቤት ልሥራልህ ብለው አልጀመሩም፤ ለራሳቸው ጀምረው ለእርሷ ጨረሱት። አንድም ይህ ከዳዊት አሳብ ያነሰ ነው፤ መጀመሪያ ለእግዚአብሔር የታሰበ አይደለምና። አንድም የበለጠ ነው፤ ሰው የሌላውን ከመስጠት የራሱን ማደሪያ መስጠት ይከብደዋልና። ሁለቱም ትርጓሜ ሊያዝ ይችላል።

ይህች ቤተ ክርስቲያን በሁለት ነገር ከገጠር አብያተ ክርስቲያናት ትለያለች። አንደኛው ቅርጿ እንደ ብዙዎቹ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ክብ አይደለም። ሁለተኛው ሥዕሏ በመቅደሱ ግድግዳ ብቻ ሳይወሰን በውጭው ግድግዳም ላይ መሣሉ ነው። በልማዱ ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌትና ቅድስት ዙሪያውን ይሆናሉ፤ መቅደሱ በመካከል በአራት ማዕዘን ይቆማል፤ ሥዕልም በመቅደሱ በአራቱ ግድግዳ ላይ ይሣላል። ውጩ ግን በጭቃ ወይም በኖራ ተመርጎ ያለ ሥዕል ይቀራል። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያየው ወደ ቅድስት የሚገባው ሰው ነው። በሕጉ ምክንያት ከደጅ የሚቆም፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ የሚያስቀድስ፣ ግድግዳውን ተሳልሞ የሚመለስ ብዙ ሕዝብ ግን ሥዕሉን ሳያይ ይኖራል። በአዲስ ዓለም ይህ በውጭ የቆመ ሕዝብ ሥዕሉን አገኘ። ነቢዩ በሳንቃውና በግድግዳው ላይ ኪሩቤልን ማየቱ ከዚህ ጋራ ይስማማል፤ በደጅ ያለ ሥዕል ለደጀኛ ነውና። ዝናምና ፀሐይ ግን የውጭውን ሥዕል ፈጥነው ያጠፉታል፤ ይህ የማይቀር ጕዳት ነው፤ ጠባቂዎቿም በየዘመኑ የሚደክሙበት ነው።

ሥዕል በመቅደስ ላይ እንዴት እንደሚሣል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ነገር መሠረቱ ነውና። የጭቃው ግድግዳ ከተለሰነ በኋላ የጥጥ ሸማ በሙጫ ይለጠፍበታል፤ ወይም ሠዓሊው በቤቱ በሸማ ላይ ሥሎ ኋላ ያመጣና ይለጥፈዋል። በሸማው ላይ ነጭ መደብ ይቀባል፤ ከዚያም በጥቁር ቀለም መልኩ ይነደፋል፤ ቀለሙም ይሞላል። የቀደሙት ቀለማት ብዙዎቹ ከአገሩ አፈርና ድንጋይ ይወጡ ነበር፤ በኋላ ዘመን ግን ከውጭ የሚመጣ ደማቅ ሰማያዊና ቀይ ገብቶ መደቡን ሁሉ አበራው። ሥርዓቱም ይህ ነው፤ በምዕራቡ በር ግራና ቀኝ ሰይፍ የያዙ ሊቃነ መላእክት ይቆማሉ፤ ስቅለት በላይ ይሆናል፤ እመቤታችን ከልጇ ጋራ ስትሣል ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከአጠገቧ አይርቅም፤ ሥሉስ ቅዱስ በሦስት አንድ መልክ ባላቸው ሽማግሌዎች አምሳል ይሣላሉ፤ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18ን ይዘው፤ በዙሪያቸውም የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 4 አራቱ እንስሳ ይሆናሉ። ጻድቃን በሙሉ ፊት በሁለት ዐይን ይታያሉ፤ ኃጥአንና አይሁድ፣ አጋንንትም በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ማንበብ የማያውቅ ባላገር መጽሐፉን በዚህ ያነባል፤ ይሁዳ ከሐዋርያት መካከል ማን እንደ ሆነ ከዐይኑ ቍጥር ያውቃል።

አዲሱ ሥዕል ይህን ንባብ ነካው። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ኢጣልያ የተላከው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በቱሪን የሥዕልን ጥበብ ተምሮ ተመልሶ በእንጦጦ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሣለ። በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተመው ልብ ወለድ ታሪኩ ይበልጥ ይታወቃል፤ በጠላት ዘመን ለጣልያን ማደሩም የሚታወቅ ነው፤ ይሁንና ስለ ሥዕል ስንመረምር የእጁ ሥራ በኋላ ኃጢአቱ አይመዘንም። ከእርሱ በኋላ አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ተማረ፤ እማኤላፍ ኅሩይም ተነሣ። እነዚህ ጥላና ብርሃንን፣ የሩቁን አሳንሶ የቅርቡን አጕልቶ ማሳየትን፣ የሰውን ሥጋ እንደ ተፈጥሮው መሣልን ይዘው መጡ። በአዲስ አበባ በ1924 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው፣ በወረራው ተቋርጦ ከነጻነት በኋላ የተፈጸመው የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የዚህ ዘመን ማኅተም ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ ተሥለዋል። ይህ እንደ ይኩኖ አምላክ የአሠሪ መልክ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ መከራ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተጻፈ፤ ኢያሱ በዮርዳኖስ 12 ድንጋይ እንዳቆመው ልጆች እንዲጠይቁ የተደረገ ነው።

የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በሆነ ጊዜ የአራዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በጠላት እሳት ተቃጥሎ ነበር። ከነጻነት በኋላ ታድሶ፣ በአንኮበር በ1925 ዓ.ም. የተወለደው፣ በ2004 ዓ.ም. ያረፈው አፈወርቅ ተክሌ በሎንዶን ተምሮ ተመልሶ ሥዕልና የጠጠር ሥራ ሠራበት። ከሰላሌ የተነሣው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሥርቶ፣ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ሣለ፤ ከእርሱ የተማሩትና እርሱን ያዩት ደግሞ ይህን መልክ ወደ ገጠር አወረዱት።

እንግዲህ ወደ ገጠሩ መመለስ ይገባል፤ የነገሩ ጭንቅ ያለው በዚያ ነውና። ከአባይ አፋፍ በቀረበው በካቺሲም ሆነ በሌላው የምዕራብ ሸዋ ደብር የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲለወጥ፣ የጭቃው ግድግዳ በድንጋይና በሲሚንቶ ሲለወጥ፣ አሮጌው ሸማ ከግድግዳው ይላቀቃል። ባለ ሀብቱ ስሙ እንዲነሣ ይፈልጋል፤ ወጣቱ ከከተማ ያየውን መልክ ይፈልጋል፤ አረጋዊው ካህን ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያጥንበት የነበረውን መልአክ ያጣል። አዲሱ ሥዕል ሲሠራ በጎን ፊት ያለ ሁሉ ኃጥእ መሆኑ ይቀራል፤ ሠዓሊው ስለ ውበት ብሎ አንዱን ሐዋርያ በጎን ያደርገዋል፤ አሮጊቷም ይሁዳ ነው ብላ ሳትሳለመው ታልፋለች። አሁን ደግሞ ሠዓሊም የማይፈልግ፣ በመኪና በላስቲክ ሸራ ላይ የታተመ የፈረንጅ ሥዕል በርካሽ ተገዝቶ ይሰቀላል፤ በዚያ ፊቶቹ ሁሉ የሮም ልጆች ፊት ናቸው፤ የግእዙም ጽሕፈት ከሥሩ የለም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ካለፈው ይለያል። ብራንካሌዎንም፣ የጎንደር ሠዓልያንም፣ እማኤላፍም የውጭውን መልክ ቢቀበሉ እጃቸው በአገሩ ነበረ፤ ካህኑ ከአጠገባቸው ቆሞ ይህ መልአክ ሩፋኤል ነው፣ ዓሣውን አትርሳ ይላቸው ነበር። የታተመው ሥዕል ግን ማንንም አልጠየቀም። ያእዛንያን የነቀፈው ነቢይ ምስሉን ማን ሣለው አላለም፤ ማን በፊቱ ቆሞ ያጥናል አለ እንጂ። አጣኙ ደግሞ የሚያጥንበትን ግድግዳ የመምረጥ ሥልጣን ያለው እርሱ ነው።

የአሮጌው ሸማ ነገር ከዚህ ጋራ ተያይዞ ይመጣል። ከግድግዳ የተላቀቀ ሸማ ብዙ ጊዜ በቤተልሔም ጥግ ተጠቅልሎ ምስጥ ይበላዋል፤ ወይም ይቃጠላል፤ ወይም ከአገር የሚያወጣ ነጋዴ እጅ ይገባል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ብዙ ሥዕል ተቃጠለ፤ ያ በጠላት እጅ ነበረ። በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚጠፋው ግን በወዳጅ እጅ፣ በበጎ ፈቃድ፣ ቤት ለማሳመር ሲባል ነው። ሕዝቅያስ የናሱን እባብ ሲሰብር ምክንያት ነበረው፤ ሕዝቡ ያጥንለት ነበርና። የገጠሩ አሮጌ ሥዕል ግን ያረጀ በመሆኑ ብቻ ይሰበራል፤ እርጅና በኦሪትም በወንጌልም በደል ተብሎ አልተቈጠረም።

በምዕራፍ 43 ሕዝቅኤል የቤቱን መልክና ሥርዓት፣ መውጫውንና መግቢያውን ሁሉ ለእስራኤል ቤት እንዲያስታውቅ፣ በፊታቸውም እንዲጽፈው ታዟል። አለቃው ሸማው ሳይላቀቅ የየግድግዳውን ሥዕል በየተራው፣ በምዕራብ ይህ፣ በሰሜን ይህ እያለ በመዝገብ ቢያሰፍር፣ ሸማውንም ከምስጥ በራቀ ደረቅ ቦታ በእንጨት ላይ ጠቅልሎ ቢያኖር፣ ሥራው ከአንድ ጠዋት ቅዳሴ የበለጠ ጊዜ አይወስድበትም። በአዲስ ዓለም የውጭው ግድግዳ ሥዕል ዝናም ሲመጣ ጠርዙ ይርሳል፤ በጋ ሲሆን ደርቆ ይነሣል፤ ከሥሩ የሚያልፈው ሕዝብም እስከ ዛሬ እየተሳለመው ይገባል፤ ይወጣል።